ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

ባለፈው ሳምንት ስለ እንቅልፍ ማጣት የጀመርኩትን ወግ በዚህ ሳምንት እቀጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ያጠፍኩት ወድጄ አይደለም። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ለሳምንት የሚያድር ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። እንቅልፍ ያጣችሁ ወዳጆቼ አንድ ሳምንት ታገሱኝ፤ መቼም ለመታገስ የእናንተን ያህል የሌሊት ሰዓት ያለው የለም!

ደብዳቤው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ ተጽፏል። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። የምተዳደረው በጫኝና አውራጅነት ነው። እናቴና ተማሪ እህቴ የሚኖሩት በእኔ ጉልበት ነው። እሁድ እሁድ ለሰፈራችን ቡድን በክንፍ እጫወታለሁ፤ ፍጥነቴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የቀኝ እግሬ የኋላ ጭን ሦስት ጊዜ ተሸማቀቀብኝ። የመጀመሪያውን ኳስ ተከትዬ በሙሉ ፍጥነት ስሮጥ ‹ጧ› ሲል ተሰማኝ። በዚያው ምሽት ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ። በ10 ቀን ሕመሙ ጠፋ። ተጫወትኩ፤ ደገመኝ። ሦስተኛው ከ12 ቀን በፊት ነው። አሁን ስራመድ አያመኝም፣ ጆንያ ሳነሳ ግን ይወጋኛል። ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ በእኔ ቦታ የሚቆም ሞልቷል። እሁድ ሳምንት የዋንጫ ጨዋታ አለን። ልጆቹ ያለ አንተ አይሆንም ብለውኛል። ልጫወት ወይስ ልተው? ኳሱን ጨርሰህ ተው ቢሉኝም እቀበላለሁ። ሥራውን ተው እንዳይሉኝ ብቻ እለምንዎታለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ይህ ልጅ የሚጠይቀኝ ስለ ኳስ አይደለም። ስለ እንጀራው ነው። ስለዚህ «ተጫወት» ወይም «አትጫወት» ብዬ በአንድ መስመር ልሸኘው አልፈልግም። ያንን ሰፈር ውስጥ ሁሉም ይለዋል። እኔ የምፈልገው የገዛ ጭኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ያወቀ ሰው ራሱ ይወስናል። እናንተም አብራችሁ አድምጡ፤ ኳስ ባትጫወቱም ጀሪካን ታነሳላችሁ፣ ደረጃ ትወርዳላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ።

ጡንቻ ምን ያደርጋል?

በሰውነታችን ውስጥ ከ600 በላይ አጥንት የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች አሉ። በክብደት ካየነው ከሰውነታችን 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ጡንቻ ነው። ይህ ሁሉ ሥጋ ግን የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መሳብ። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም።

«እንዴ! እኔ በር እገፋ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ አሁን ጋዜጣውን አስቀምጡና አንድ ነገር ሞክሩ። መዳፋችሁን ከጠረጴዛ ሥር አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። በሌላው እጃችሁ የክንዳችሁን ፊት ዳስሱት፤ ጠንክሯል። አሁን ደግሞ መዳፋችሁን ከጠረጴዛው በላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑ። የክንዱ ፊት ለሰለሰ፣ የጠነከረው ጀርባው ነው። ጠረጴዛውን ገፋችሁት፤ ያ የኋላ ጡንቻ ግን የገፋው ነገር የለም። ክርናችሁ ላይ ያለውን አጥንት ሳበው፣ ክንዳችሁ ተዘረጋ፣ ጠረጴዛው ተገፋ። በቃ።

እንግዲህ አንዱ ጡንቻ አንድን መገጣጠሚያ ካጠፈው፣ የሚዘረጋው ሌላ ጡንቻ በተቃራኒው በኩል መኖር አለበት። ለዚህ ነው ጡንቻዎቻችን እንደ ቅን በሬ ጥንድ ጥንድ የሆኑት። የጭን ፊት ጉልበትን ይዘረጋል፣ የጭን ኋላ ያጥፈዋል። ከጥንዱ አንዱ ብርቱ ሆኖ ሌላው ከደከመ እርሻው ይጣመማል። ብዙ ሰው በመስታወት የሚያየውን የፊት ጡንቻ ብቻ እያሳበጠ የኋላውን ይረሳዋል። የሚቀጣውም የተረሳው ነው።

መሳቡስ እንዴት ነው? ጡንቻን እየሰነጠቃችሁ ወደ ውስጥ ብትገቡ መጨረሻ ላይ የምታገኙት ወፍራምና ቀጭን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ነው። ቀድሞ ሰው ይመስለው የነበረው ክሮቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ የሚያጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው ያገኙት ሌላ ነው። ክሮቹ አያጥሩም፤ ወፍራሞቹ ቀጭኖቹን እየያዙ፣ እየለቀቁ፣ እንደገና እየያዙ ወደ መሃል ያንሸራትቷቸዋል። ገመድ ጉተታ አይታችሁ የለም? ገመዱ አያጥርም፤ እጅ በእጅ እየተቀያየረ ይሳባል። በጡንቻችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ የሚጎትቱ እልፍ አእላፍ እጆች አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ሦስቱ የጡንቻ ሥራዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ባልዲውን ወደ ላይ ስትስቡት ክንዳችሁ እያጠረ ይሠራል። እጃችሁን አጥፋችሁ ባልዲውን ባለበት ስታቆሙት ጡንቻው ሳያጥርም ሳይረዝምም ይሠራል። ክንዳችሁን ቀስ እያደረጋችሁ ስትዘረጉና ባልዲውን ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ ጡንቻው እየረዘመ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ! እየተለጠጠም ቢሆን መሳቡን አልተወም። ትቶ ቢሆን ኖሮ ባልዲው ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ይል ነበር።

ይህን ሦስተኛውን ሥራ እኔ «ፍሬን» እለዋለሁ። የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና የወረደ ሾፌር ጠይቁ፤ ዳገቱ ሞተሩን ያደክማል፣ ቁልቁለቱ ግን ፍሬኑን ያቃጥላል። ሰውም እንዲሁ ነው። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ልባችሁ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ ጡንቻችሁ ግን ብዙም አይጎዳም። ስትወርዱ «ቀለለኝ» ትላላችሁ። በማግስቱ ግን የጭናችሁ ፊት ሰገራ ቤት እንኳን ቁጭ አያስብላችሁም! ጭናችሁ ሙሉ ሰውነታችሁን በያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን እየያዘ ነው ያወረደው። እየረዘሙ ጭነት መሸከም በጡንቻ ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ያ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከፋና ይለቃል።

ብዙ ሰው «አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» ይላል። አይደለም። ስትሮጡ በጡንቻ ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት የሚባለው ነገር ካረፋችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የማግስቱ ሕመም ከእሱ አይመጣም። ይልቅ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው፤ ያው ቁልቁለት ከሳምንት በኋላ ቢደገም ሕመሙ በጣም ይቀንሳል። ጡንቻ ፍሬንን ይማራል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ያ «ጧ» ያለው ምንድን ነው?

ወደ ወንድማችን ጭን እንሂድ። የጭን የኋላ ጡንቻዎች፣ ስፖርተኞች «ሀምስትሪንግ» የሚሏቸው፣ ሦስት ናቸው። ከመቀመጫችን አጥንት ተነስተው ወደ ታች ወርደው፣ ከጉልበት በታች በጅማት ይያያዛሉ። ከጉልበታችሁ ኋላ ግራና ቀኝ እንደ ክራር አውታር የሚዳሰሱት፣ ቋንጃ የምንላቸው፣ የእነሱ ጅማቶች ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ወደ ኋላ መሬቱ ላይ ለመጎተት ሞክሩ፤ ጭናችሁ ሥር ሲጠነክር ይሰማችኋል።

ችግራቸው ሁለት መገጣጠሚያ መሻገራቸው ነው፤ ዳሌንና ጉልበትን። ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ መሬት ከመንካቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለችውን ቅጽበት አስቡ። ጭኑ ወደ ፊት ተወርውሯል፤ የጡንቻው የላይኛው ጫፍ ተለጠጠ። ቅልጥሙም ወደ ፊት እየተወረወረ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ተለጠጠ። በዚያች ቅጽበት ያ ጡንቻ የሚወረወረውን ቅልጥም ይዞ ማቆም አለበት። ከሁለቱም ጫፍ እየተጎተተ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። ፍሬኑ ከደከመ፣ ወይም በ80ኛው ደቂቃ ከዛለ፣ ክሮቹ ይበጠሳሉ። «ጧ» ያለው እሱ ነው።

«ተሸማቀቀ» የሚለውን ቃል እኛ ለሁሉም እናውለዋለን። ክራምፕ ሲይዘን ተሸማቀቀ፣ ሲበጠስም ተሸማቀቀ። ልዩነቱን እወቁ። ክራምፕ ጡንቻው አልለቅ ብሎ ሲቋጠር ነው፤ ቀስ ብላችሁ ስትለጥጡት በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። መበጠስ ግን ድንገተኛ ነው፣ ሩጫውን ያስቆማል፣ ሲለጥጡት ይብሳል፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ከታች በኩል ይበልዛል። የተበጠሰውን ክራምፕ ነው ብሎ የሚለጥጥ ሰው የተቀደደ ሸሚዝ እየጎተተ ነው።

ታዲያ ለምን ሦስት ጊዜ? ምክንያቱም ሕመም መጥፋትና መዳን አንድ አይደሉም። ትንሽ የተቀደደ ጡንቻ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ መካከለኛው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ጨርሶ የተቆረጠው ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ሕመሙ ግን ከዚያ ሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ሰውዬው ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ «ዳንኩ» ይላል። የእርምጃ ፍሬን ትንሽ ናት፤ የሩጫ ፍሬን ግን ገና አልተመለሰችም። ለዚህ ነው ከዚህ በፊት የተጎዳ ጭን ካልተጎዳው ይልቅ ለሚቀጥለው ጉዳት የተጋለጠ የሚሆነው። ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ወደ ሜዳ በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። በ10 ቀን መመለሱ ነው ወንድማችንን የበላው።

የራሴን ልንገራችሁ

እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት በጭኔ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ኳስ ስንጫወት አንድ ግዙፍ ተከላካይ በጉልበቱ የጭኔን ፊት መታኝ። አልተሰበርኩም፣ ቆሜም ሄድኩ። ማታ ግን ጭኔ እንደ ሙሉ ስልቻ አበጠ። ቤተሰቦቼ በሰፈራችን የታወቀ አንድ ወጌሻ ጠሩልኝ። ቅቤ አሙቆ በሁለት አውራ ጣቱ እስክጮህ ድረስ አሸኝ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። «ደሙን ልበትነው ነው» ይል ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ጭኔ ውስጥ ድንጋይ የሚመስል ነገር ይዳሰሰኝ ጀመር። ራጅ ስነሳ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አሳየኝ፤ በጡንቻዬ መሃል እንደ ደመና የነጣ ነገር ነበር። አጥንት ነው! ደም የቋጠረ ጡንቻ አጉል ሲታሽ፣ ሲለጠጥና ሲነካካ አንዳንዴ ሰውነት ተሳስቶ እዚያ ቦታ ላይ አጥንት ይሠራል። ወደ ሩጫ ለመመለስ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ቡድኔ እኔን አልጠበቀኝም፤ ሌላ ልጅ ቦታዬን ያዘ። ጥሩ ተጫዋችም ሆነ፤ አሁንም ድረስ ያናድደኛል።

ያ ወጌሻ ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ እንኳን አልተቀበለንም። ወለምታ አይተው «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚሉ አስተዋይ ወጌሾችም በሥራዬ ገጥመውኛል፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ የምለው ስለ ሰዓቱ ነው። ዛሬ የተበጠሰ ጡንቻ ዛሬ አይታሽም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት አራት ነገሮችን ራቁ፤ ኃይለኛ እሽት፣ ሙቅ ነገር፣ አልኮል እና መለጠጥ። ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያብሳሉ። ይልቅ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ መጠነኛ ፋሻ ጠቅልሉ፣ ሕመሙን ለማስታገስ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአጭር ጊዜ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ አልጋ ላይ አትጋደሙ። ሕመም እስከፈቀደ ድረስ ቀስ ብሎ መራመድ መድኃኒት ነው። የተኛ ጡንቻ በቀናት ውስጥ መድከም ይጀምራል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። በእግሩ መቆም ያቃተው ሰው፤ ጡንቻው ላይ ጎድጓዳ ክፍተት የሚዳሰስበት፤ ከተረከዙ በላይ «ሰው ከኋላ የረገጠኝ መሰለኝ» ብሎ ዞር ሲል ማንንም ያላየ፣ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ፋሻ ወይም ቀርከሃ ከታሰረለት በኋላ ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የደነዘዙ ወይም ቀለማቸው የተለወጠ ሰው፣ ማሰሪያው አሁኑኑ ይፈታ፤ እግር እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ነገር ነው። ሳይጋጭ፣ ሳይሮጥ አንድ ባቱ ብቻ ያበጠና የሞቀ ሰውም አይታሽ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ ሰውም እንዲሁ ይሩጥ፤ ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ሐኪም።

ፍሬኑን ማስተማር

ጡንቻ ፍሬንን ይማራል ብዬ ነበር። እንዴት? በዴንማርክ 50 የእግር ኳስ ቡድኖች፣ በድምሩ 942 ተጫዋቾች የተሳተፉበት አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። ግማሾቹ ቡድኖች እንደ ወትሮው ልምምዳቸውን ሠሩ። ግማሾቹ አንዲት እንቅስቃሴ ብቻ ጨመሩ። በጥናቱ ጊዜ እንደ ወትሮው ከሠሩት መካከል 52 የጭን ኋላ ጉዳት ተመዘገበ። እንቅስቃሴዋን በጨመሩት መካከል 15 ብቻ! ጉዳት ደግሞ ደጋግሞ ያጠቃቸው በነበሩት ላይ ጥቅሟ ከሁሉ የጎላ ሆኖ ተገኘ።

እንቅስቃሴዋ «ኖርዲክ» ትባላለች፤ ማሽን አትፈልግም፣ የጂም ክፍያ አትፈልግም። የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተንበርከኩ። ጓደኛችሁ ከኋላ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚታችሁን መሬት ላይ አጥብቆ ይያዝ። ከጉልበት እስከ ራስ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ውደቁ። በጭናችሁ ኋላ አውቃችሁ ፍሬን ያዙ። መያዝ ሲያቅታችሁ በእጆቻችሁ ተቀበሉና፣ በእጃችሁ ገፍታችሁ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለት ዙር፣ አምስት አምስት ጊዜ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ዙር፣ ስድስት ስድስት ጊዜ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቁጥሩንም ቀስ እያሉ መጨመር ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ግንድ ትወድቃላችሁ፤ አትፈሩ። የመጀመሪያውን ቀን 30 ልሥራ ያለ ጉረኛ በማግስቱ ሱሪ መልበስ ያቅተዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና።

ከጨዋታ በፊት ያለውን ነገርም ላስተካክል። ብዙ ቡድን ታኬታውን አጥልቆ፣ ሜዳ ዳር ቆሞ፣ እግሩን አጥር ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ ይለጥጣል፤ ከዚያ ይገባል። ቆሞ ረጅም ጊዜ መለጠጥ ብቻውን ከጉዳት የሚከላከል ሆኖ አልተገኘም፤ እንዲያውም ከአንድ ደቂቃ በላይ የተለጠጠ ጡንቻ ለጊዜው ጉልበቱ ይቀንሳል። የተሻለው ማሟሟቅ ነው፤ ቀላል ሩጫ፣ እግር ማወናጨፍ፣ ዝላይ፣ አቅጣጫ መቀያየር፣ በመጨረሻ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ መጨመር። ፊፋ ያስፋፋው «11 ፕላስ» የሚባለው የ20 ደቂቃ ፕሮግራም እንዲህ ነው የተቀረጸው፤ በውስጡም ያቺ ኖርዲክ አለች። መለጠጥ የምትወዱ ከጨዋታ በኋላ ለጥጡ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ኳስ የማይጫወቱትስ?

ለእናንተም አለኝ። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ፣ ወገቡን እንደ ቀስት አጉብጦ ያነሳዋል። ትልልቆቹ ጡንቻዎች፣ የመቀመጫና የጭን፣ ቆመው እያዩ ሸክሙ ሁሉ በወገብ ላይ ይወድቃል። ጀሪካኑን ወደ እግራችሁ አስጠጉት። ከዳሌያችሁ ታጠፉ፤ በር በመቀመጫችሁ ልትዘጉ እንደምትፈልጉ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ላኩት። ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ። ከዚያ በእግራችሁ ተነሱ። ይዛችሁ ስትዞሩም ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ እግራችሁ ይዙር።

ዕድሜያቸው ከ30 ያለፈም ስሙኝ። ጡንቻውን ሥራ የማያስይዝ ሰው ከዚያ ወዲህ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ጡንቻውን ያጣል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። እማማ ከዱካ ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው «እሰይ» የሚሉት ጭናቸው ስለሳሳ ጭምር ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ። ስትቀመጡ ዘጭ አትበሉ፤ መቀመጡ ነው ፍሬኑ። ልብ ወይም ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

አሁን ወደ አንተ፣ ወንድሜ

ጥያቄህን አልረሳሁም። እሁድ ሳምንት አትጫወት። ሦስት ጊዜ የተቀደደ ጡንቻ፣ ጆንያ ስታነሳ እየወጋህ፣ ሙሉ ሩጫ ሊሸከም አይችልም። ጎንበስ ስትል የሚወጋህ ያው ጡንቻ ስለሚለጠጥ ነው፤ ጆንያው ከሜዳው ቀድሞ እውነቱን ነግሮሃል። አራተኛው መቀደድ ከሦስተኛው የከፋ ቢሆን ዋንጫውን የሚያነሳው ቡድንህ ነው፣ ቤት የሚተኛው ግን አንተ ነህ። እናትህና እህትህም አብረውህ።

ሥራህን ተው አልልህም። ግን ለአለቃህ ባትነግረውም አብሮህ ለሚያነሳው ጓደኛህ ንገረው። ለጥቂት ሳምንታት ከመሬት የሚነሳውን ሌላው ያንሳ፣ አንተ ጀርባህ ላይ ተቀበል። በሳንቃ ላይ ተጭነህ መውጣት ይቀልሃል፤ መውረዱ ነው ፍሬን የሚጠይቅህ፣ ስለዚህ ስትወርድ እርምጃህን አሳጥር። ኩንታሉን ከመሬት ለብቻህ እንዳትሞክር። የተወሰነ ጆንያ በግማሽ ቢቀንስብህ፣ የቀነሰብህን ገንዘብ ለሁለት ወር ከመተኛት ጋር አስተያየው። ከተቻለህ ደግሞ በመንግሥት ሐኪም ቤት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ታይ፤ ሦስት ጊዜ የደጋገመ ጉዳት በእጅ ተዳስሶ መታየት አለበት። ደብዳቤ የሰውን ጭን አይዳስስም።

ቤትህ ውስጥ ግን ዛሬውኑ ጀምር። በጀርባህ ተኝተህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ፣ መቀመጫህን ከመሬት አንሳ፤ ቆጥረህ አምስት ድረስ ያዝና ቀስ ብለህ አውርድ። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ያለ ሕመም ሲሆንልህ ተረከዝህን ራቅ አድርገህ፣ ከዚያ በአንድ እግር። ቀጥሎ ፈጣን እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ በግማሽ ፍጥነት ሩጫ። አንዱ ደረጃ ያለ ሕመም ሳያልፍ ወደ ቀጣዩ አትውጣ። ሶምሶማው ያለ ሕመም ሲሆንልህ ያቺን ኖርዲክ በትንሹ ጀምር፤ ቁርጭምጭሚትህን እህትህ ትያዝልህ፣ ትስቅብሃለች እንጂ ትጠቅምሃለች። ሙሉ ፍጥነትህን በልምምድ ደጋግመህ ሮጠህ፣ ቀኝህ ከግራህ እኩል ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሜዳው ያንተ ነው። ኳስን ጨርሰህ ተው የሚልህን አትስማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንተ ደግሞ ክንፍ ተጫዋች ነህ።

የዋንጫው ዕለት ግን ሜዳ ዳር ሁን። ልጆቹን አንተ አሟሙቃቸው፤ 20 ደቂቃ፣ እንዳልኩህ። ውጤቱንም ጻፍልኝ። ያቺን የመጨረሻ መስመርህን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ፤ በጊዜ ጻፍልኝ፣ ሳይቃጠል በቅጠል።

የእንቅልፉ ወግ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥላል። እስከዚያ ደረጃ ስትወርዱ አትቸኩሉ። ቸር ይግጠመን።